ሙግትን አስቀድሞ መግባት፦ የህንድ ፍልስፍና በኦክስፎርድ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

የህንድን መንፈሳዊ ፍልስፍና ወደ ምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስገባት ብዙ ተሞክሯል። አብዛኛው ሙከራ በአድናቆት ተጀምሮ በአድናቆት ያለቀ ነው። ንግግር ይደረጋል፣ አዳራሽ ይሞላል፣ መጽሐፍ ይታተማል፤ የፍልስፍና ክፍሉ የትምህርት ዝርዝር ግን እንደነበረ ይቀጥላል። እዚህ የምመዘግበው ከዚህ የተለየ መንገድ የሄደ አንድ ጉዳይ ነው። በካልካታ ከሳንስክሪት ሊቃውንት እግር ሥር የተማሩ አንድ ቤንጋላዊ ምሁር ከ1960ዎቹ እስከ 1991 ድረስ በሃርቫርድ፣ በቶሮንቶና በኦክስፎርድ የሠሩት ሥራ ነው። ከእርሳቸው በፊት ብዙዎች አንኳኩተው ያልተከፈተላቸውን በር ከፍተዋል። የገባው ነገር ግን ይዘውት ከመጡት ያነሰ ነው። ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃውም ይህ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉ ስለ አሠራር እንጂ ስለ ግለሰብ ዝና ስላልሆነ የቅርቡን ዘመን ሰዎች በሥራ ድርሻቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ፤ ዋናውን ሰው «መምህሩ» እላቸዋለሁ። የጥንቶቹ ሊቃውንት ግን በስማቸው ይጠራሉ፤ ሐሳቡ የእነርሱ ነውና። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የህንድ አስተሳሰብ ከአገሩ ርቆ መጓዝ የጀመረው ጥንት ነው፤ እኛም ዘንድ ደርሷል። አባ ዕንባቆም በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሰፍ ታሪክ ሥሩ የቡድሃ ሕይወት ነው። ንጉሡ አባቱ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ የሸሸገው ልዑል ታሪክ በየቋንቋው ሲሻገር ክርስቲያናዊ ገድል ሆኖ ስለነበር፣ አንባቢው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ተቀበለው። ሐሳብ የትውልድ ምልክቱን ጥሎ ሲመጣ ብዙ አይመረመርም። ይህን ነጥብ ወደፊት ስለምፈልገው እዚህ ላይ አስመዘገብሁት።

ወደ እንግሊዝ የሄደው ግን በራሱ ስም ነበር። በ1824 በህንድ ለረጅም ዘመን ያገለገለ አንድ እንግሊዛዊ ሊቅ በለንደን በሮያል ኤሺያቲክ ሶሳይቲ ስብሰባ ላይ ኒያያ ስለሚባለው የህንድ የአመክንዮ ትምህርት ቤት ጥናት አነበበ። ኒያያ ሙግትን በአምስት ክፍል ያቀርባል። ኮረብታው ላይ እሳት አለ፤ ጭስ አለና፤ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፣ ለምሳሌ በማድቤት እንደምናየው፤ ይህም ኮረብታ እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ኮረብታው ላይ እሳት አለ። የዘመኑ የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ ተከራከሩ። ክርክራቸው ግን ባመዛኙ አምስቱ ክፍል ከአርስቶትል ሦስት ክፍል ይበልጣል ወይስ ያንሳል በሚለው ዙሪያ ነበር። አምስቱ ክፍል ለምን እንዳስፈለጉ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን በአደባባይ ለማሳመን የሚሄድበት የክርክር ሥርዓት መሆናቸውን በቁም ነገር የጠየቀ ጥቂት ነው። ነገሩም ቀስ በቀስ ተረሳ።

በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት የቤንጋል መነኩሴ ተናግሮ ጉባኤውን ማረከ። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም የህንድ ስም ከመንፈሳዊነት ጋር ተጣበቀ። ምዕራቡ የምክንያት አገር፣ ህንድ የመንፈስ አገር የሚል ክፍፍል ሥር ሰደደ። ይህን ክፍፍል ያስፋፉት አውሮፓውያን ብቻ አይደሉም። በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ብዙ ህንዳውያን ምሁራንም በኩራት ይዘውታል፤ መድፍና ፋብሪካ ባይኖረን የምትፈልጉት ጥበብ አለን ለማለት። ኩራቱ የሚገባ ነው፤ የከፈሉበት ዋጋ ግን ከባድ ሆነ።

በ1936 አንድ ባለጸጋ እንግሊዛዊና ባለቤቱ በሰጡት ገንዘብ በኦክስፎርድ አዲስ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመ። ስሙም የምሥራቅ ሃይማኖቶችና ሥነ ምግባር ወንበር ተባለ። የመጀመሪያው ባለወንበር ኋላ የህንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፈላስፋ ናቸው፤ እስከ 1952 ይዘውታል። ኡፓኒሻዶች የተባሉትን ጥንታዊ የህንድ መንፈሳዊ ጽሑፎችና ህላዌ ሁሉ አንድ ነው የሚለውን የአድቫይታ ትምህርት ከፕላቶን፣ ከፕሎቲኖስና ከክርስቲያን ባሕታውያን ጎን አቁመው በጠራ እንግሊዝኛ አስተማሩ። ሁለተኛው ባለወንበር የፋርስ ሃይማኖት ሊቅ የነበሩ እንግሊዛዊ ሲሆኑ እስከ 1974 ቆዩ። እርሳቸው ገና በመክፈቻ ንግግራቸው ሃይማኖቶችን ማስማማት የወንበሩ ሥራ ነው የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አደረጉ። ሁለቱ በብዙ ነገር ቢቃረኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በእነርሱ ዘመን የኦክስፎርድ ፈላስፎች በወንበሩ ምክንያት የማስተማሪያ ርእሳቸውን አልለወጡም።

ችግሩ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኦክስፎርድ የትንተናዊ ፍልስፍና ዋና መናኸሪያ ነበረች። እዚያ የሚከበረው የቃላትን አጠቃቀም በጥንቃቄ መመርመር፣ ሙግትን እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ተቃራኒ ምሳሌ ማምጣት ነው። ህላዌ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው በዚህ ስብስብ ውስጥ ወዲያው የሚቀርብለት ጥያቄ «በምን አወቅህ?» የሚል ነው። የጠቢባን ልምድ ያረጋግጣል ብሎ የሚመልስ ተናጋሪ በአክብሮት ይደመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

ይህ አመለካከት በጽሑፍም ሰፍሯል። በ1971 በእንግሊዝ የታተመ አንድ የታወቀ የፍልስፍና መግቢያ መጽሐፍ፣ የምሥራቅ ፍልስፍና የሚባለው አብዛኛው ነገር ለሙግት ግድ የለውም ብሎ፣ ከስዌዝ በስተምሥራቅ ከተገኘ ምንጭ ምንም እንደማይወስድ በግልጽ አስታወቀ። ደራሲው በክፋት አልጻፈውም። ለእርሱ የቀረበለት የህንድ ፍልስፍና በእርግጥም ሙግቱ ተገፎ የቀረበ ነበር። ከኡፓኒሻዶች የተመረጡ ውብ ዐረፍተ ነገሮች ደርሰውት ይሆናል። በእነዚያ ዐረፍተ ነገሮች ላይ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተካሄደው የቡድሂስቶች እና ኒያያ፣ ሚማምሳና ቬዳንታ የተባሉት ትምህርት ቤቶች ክርክር ግን በሳንስክሪት ተቆልፎ ቀርቷል።

ችግሩ ሌላም ገጽታ ነበረው። ሳንስክሪት የሚያውቁት የምዕራብ ሊቃውንት በቋንቋና በታሪክ የሠለጠኑ ነበሩ። የጽሑፉን ዘመን፣ የእጅ ጽሑፉን ልዩነት፣ የሰዋስውን ምስጢር ያውቃሉ፤ ሙግቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ግን ሥራቸው አልነበረም። ፈላስፎቹ ደግሞ ሳንስክሪት አያውቁም። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰው ይፈልግ ነበር።

የመምህሩ ዝግጅት

መምህሩ በ1935 በቤንጋል ተወለዱ። በካልካታ የሳንስክሪት ኮሌጅ ከ1957 እስከ 1962 እያስተማሩ በዚያው ከነበሩ ፓንዲቶች፣ ማለትም ባህላዊ የሳንስክሪት ሊቃውንት፣ ኒያያን በቃል ተማሩ። ይህ ትምህርት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የአንድምታ መምህር መጽሐፉን ፊት ለፊት አድርጎ፣ ንባቡን አውጥቶ፣ ትርጓሜውን «አንድም» እያለ እንደሚያወርደው፣ ፓንዲቱም አንዱን መስመር ይዞ ቀድሞ የተነሡ ተቃውሞዎችን፣ መልሶቹንና በመልሶቹ ላይ የተነሡትን ሌሎች ተቃውሞዎች ከቃሉ ያወርዳል። ተማሪው የሚፈተነው ጥቅሱን በመያዙ ብቻ አይደለም፤ ተቃዋሚውን ወክሎ ፓንዲቱን መሞገት መቻል አለበት። መምህሩ በ1962 ታርካቲርታ የሚባለውን የአመክንዮ ሊቅነት ማዕረግ አገኙ።

በዚያው ዓመት ወደ ሃርቫርድ ሄዱ። ያማከሯቸው የሳንስክሪት ፕሮፌሰር ራሳቸው አዲሱ ኒያያ ስለሚባለው የኋለኛው ዘመን የኒያያ ትምህርት በ1951 ጥናት ያሳተሙ ነበሩ። በተጓዳኝ ከዘመኑ ስመ ጥር የአመክንዮ ፈላስፎች አንዱ የሚሰጡትን ትምህርት ተከታተሉ። በ1965 የዶክትሬት ጥናታቸውን ጨርሰው በቶሮንቶ ማስተማር ጀመሩ።

ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የአገር ቤቱን ትምህርት እስከ ማዕረጉ ድረስ ጨረሱ፤ የምዕራቡን መሣሪያ የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ከሳንስክሪቱ የሚያዩት ምዕራቡ እንዲፈልጉ ያስተማራቸውን ብቻ በሆነ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ርእስ መምረጥ ነበር። መምህሩ ስለ ነፍስ ወይም ብራህማን ስለሚባለው የመጨረሻ እውነታ አልጀመሩም። የጀመሩት «የለም» ስለሚለው ነገር ነው። አዲሱ ኒያያ ስለ አለመኖር የሚያስተምረውን ትምህርት መርምረው፣ የ14ኛውን ክፍለ ዘመን ሊቅ የጋንጌሻንና ከእርሱ በኋላ የተነሣውን የራጉናታን ጽሑፍ ተርጉመውና ተንትነው በ1968 በሃርቫርድ አሳተሙ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ወደ ክፍል ገብቼ ወለሉ ላይ ማሰሮ እንደሌለ አየሁ እንበል። ያየሁት ምንድን ነው? ወለሉን ብቻ ነው የሚል ሰው አለ። ኒያያ ግን ማሰሮው በነበረበት ጊዜም ወለሉን አይቼው ነበር፤ ስለዚህ አሁን ያወቅሁት ተጨማሪ ነገር አለ ይላል። ያም የማሰሮው አለመኖር ነው። አለመኖር ሁልጊዜ የአንድ ነገር አለመኖር ነው፤ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ ነው። በዚያ ላይ የጠፋው ነገር በየትኛው ባሕርይው እንደታሰበ መገለጽ አለበት። ሰማያዊ ማሰሮ በሌለበት ወለል ላይ ቀይ ማሰሮ ሊኖር ይችላልና። «ወለሉ ላይ ማሰሮ የለም» እና «ማሰሮው ጨርቅ አይደለም» የሚሉት ሁለት አባባሎችም ሁለት ዓይነት አሉታ እንደሆኑ ይለያል። ይህን ሁሉ ያለ ምልክትና ያለ ቀመር፣ በተራቀቀ የሳንስክሪት ሐረግ ብቻ ይሠራዋል። አሉታ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የቱን ይነካል በሚል ጥያቄ ለዓመታት ሲደክም የቆየ የትንተና ፈላስፋ ይህን ሲያነብ የባዕድ ሃይማኖት አያነብም። የሥራ ባልደረባውን ጽሑፍ ያነባል።

ሁለተኛው እርምጃ የሚታተምበት ቦታ ማዘጋጀት ነበር። በ1970 በህንድ ፍልስፍና ላይ ያተኮረ ዓለም አቀፍ መጽሔት መሥርተው አዘጋጁ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚሄደው ወደ ምሥራቃውያን ቋንቋዎች መጽሔት ወይም ወደ ሃይማኖት መጽሔት ነበር። የመጀመሪያው ሙግቱን፣ ሁለተኛው ሰዋስውን የሚመዝን ገምጋሚ አያገኝለትም። አዲሱ መጽሔት ሁለቱንም የሚጠይቅ ገምጋሚ አፈራ። ብዙዎች በመምህሩ መጻሕፍት ላይ ሲያተኩሩ ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሥራዎቻቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ወንበሩን የያዙበት መንገድ ነው። በ1977 በኦክስፎርድ የመክፈቻ ንግግራቸውን ሲያደርጉ የመረጡት ርእስ የህንድ ምስጢራዊ አስተሳሰብ ከአመክንዮ የሚያገኘው ብርሃን ነበር። አድማጮቹ ከአንድ የአመክንዮ ሊቅ ምስጢራዊነትን ውድቅ ማድረግ፣ ከአንድ ህንዳዊ ደግሞ ምስጢራዊነትን ማወደስ ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። መምህሩ ሁለቱንም አላደረጉም። እንደ ቡድሂስቱ ናጋርጁናና እንደ አድቫይታው ሊቅ ሽሪሃርሻ ያሉ ሰዎች ቃል የማይገልጸው ነገር አለ የሚሉት ከክርክር ስለሸሹ ሳይሆን ክርክሩን ከማንም በላይ አጥብቀው ስለገፉት መሆኑን አሳዩ።

አራተኛውና ትልቁ እርምጃ በ1986 ያሳተሙት ስለ ማየትና ስለ ማወቅ የሚመረምር መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ የኒያያ ሊቃውንትና እንደ ዲግናጋና ዳርማኪርቲ ያሉ ቡድሂስቶች የሚከራከሩበትን ጥያቄ፣ ማለትም የምናየው የውጩን ነገር ነው ወይስ በውስጣችን ያለውን ምስል ነው የሚለውን፣ የዘመኑ ፈላስፎች ከሚሉት ጋር አፋጠጡት። ራሳቸውም ዳር ቆመው አልተመለከቱም፤ ለኒያያ ወግነው ተሟገቱ። ይህ ብዙ ነው። የታሪክ ሰው ማን ምን አለ ብሎ ይዘግባል፤ እርሳቸው ግን ማን ልክ ነው ብለው ጠየቁ።

ከዛጎሉ ጋር ያልመጣው

የዚህን ሥራ ጥቅምም ጉድለትም አንድ ላይ የሚያሳየው የሽሪሃርሻ ምሳሌ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ አየዋለሁ።

በ1963 አንድ አሜሪካዊ ፈላስፋ ባሳተመው ሦስት ገጽ ጽሑፍ ዕውቀት ማለት ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው የሚለውን የቆየ ብያኔ አናጋው። ሰው በቂ ምክንያት ይዞ፣ ያመነውም ነገር እውነት ሆኖ፣ እውነቱ ግን በአጋጣሚ ብቻ የተገኘ ሊሆን እንደሚችል በምሳሌ አሳየ። የጌቲየር ችግር የሚባለው ይህ ነው፤ በምዕራቡ የሥነ ዕውቀት ትምህርት ለአሥርተ ዓመታት ዋና ርእስ ሆኗል።

የ8ኛው ክፍለ ዘመን ቡድሂስት ዳርሞታራ ግን እንዲህ የሚል ምሳሌ ነበረው። ሥጋ ሊጠበስ እሳት ተቀጣጥሏል፤ ጭሱ ገና አልወጣም። በሥጋው ሽታ የተሳቡ ነፍሳት ከላይ እንደ ደመና ተሰበሰቡ። ከሩቅ ያየ ሰው የነፍሳቱን መንጋ ጭስ መስሎት እዚያ እሳት አለ አለ። እሳቱ በእርግጥ አለ። ሰውየው ግን ዐውቋል? የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሽሪሃርሻ ደግሞ በጨበጠው እጁ ውስጥ ስንት ዛጎል እንዳለ የሚጠይቅን ሰው ያመጣል። ሌላው በግምት «አምስት» ይላል፤ እጁ ሲከፈት አምስት ነው። እውነት ተናግሯል፤ እርግጠኛም ሊሆን ይችላል፤ ዐውቋል ግን አይባልም። መምህሩ የሽሪሃርሻን ክርክር ከጌቲየር ችግር ጎን ሲያቆሙት ከስዌዝ በስተምሥራቅ ሙግት የለም የሚለው አባባል መቆሚያ አጣ። ዛሬ በዚህ ችግር ላይ የሚጻፉ አንዳንድ የታወቁ መግቢያዎች የህንዱን ምሳሌ ይጠቅሳሉ።

እዚህ ድረስ ድል ነው። ሽሪሃርሻ ዛጎሎቹን ያመጣው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ሽሪሃርሻ የተሻለ የዕውቀት ብያኔ ፍለጋ ላይ አልነበረም። የአድቫይታ ሰው ነው፤ ብያኔዎችን አንድ በአንድ የሚያፈርሰው የትኛውም ብያኔ እንደማይቆም ለማሳየት ነው። ልዩነትን ሁሉ የሚያቆሙት ብያኔዎች ሲወድቁ የሚቀረው ማስረጃ የማያስፈልገው፣ በራሱ የሚበራ፣ ያልተከፋፈለ ንቃት ነው ይላል። ዛጎሉ ወደዚያ የሚወስድ ደረጃ ነው። ምዕራቡ ደረጃውን ወሰደ፤ የሚወስድበትን ግን እዚያው ተወው።

ኒያያም ቢሆን እንዲሁ ነው። የኒያያ ሱትራ የሙግትና የማስረጃ ትምህርት የተጻፈበት መጽሐፍ ነው፤ የመክፈቻው ዐረፍተ ነገር ግን እነዚህን ነገሮች በትክክል ማወቅ ወደ ከፍተኛው በጎ ነገር ያደርሳል ይላል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሥቃይ፣ ልደት፣ ሥራ፣ እንከንና የተሳሳተ ዕውቀት በተራ ሲወገዱ አርነት እንደሚገኝ ያስተምራል። በመጽሐፉ ሐሳብ የተሳሳተ ድምዳሜ የትምህርት ቤት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰውን በሥቃይ ውስጥ የሚያቆይ ሰንሰለት አካል ነው።

የሠራው

የሰው ቃል የዕውቀት ምንጭ መሆኑን በተመለከተ የመጣው ለውጥ ከሁሉ ይበልጣል። በምዕራቡ ጆን ሎክ የሌሎች አስተያየት በአእምሯችን ውስጥ መንሳፈፉ ዐዋቂ አያደርገንም ካለ ወዲህ፣ ከሰው የሰማነው ነገር እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሲቆጠር ኖሯል። ኒያያ ግን ከጥንት ጀምሮ ማየትን፣ ከምልክት ተነሥቶ መደምደምን፣ ማነጻጸርንና የታመነ ሰው ቃልን አራት ራሳቸውን የቻሉ ምንጮች ያደርጋቸዋል። የታመነ ሰው ማለት ነገሩን በቀጥታ የሚያውቅና እንዳወቀው ሊናገር የሚሻ ነው። የ5ኛው ክፍለ ዘመን ተርጓሚ ቫትስያያና ይህ ብያኔ ለጠቢብም፣ «አርያ» ለሚባለው የአገሩ ሰውም፣ ለባዕድ አገር ሰውም እኩል ይሠራል ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዘር ደረጃ በሚከፋፈል ኅብረተሰብ ውስጥ የተጻፈ መሆኑን አስቡት።

መምህሩ ይህን ርእስ ለኦክስፎርድ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ከቀድሞ ተማሪያቸው ጋር ያዘጋጁት፣ በ1994 ከሞታቸው በኋላ የታተመው የጥናት ስብስብ የዘመኑን ታላላቅ የእንግሊዝ ፈላስፎችና የኒያያ ሊቃውንትን በአንድ ጥራዝ ውስጥ አገናኘ። እንግሊዛውያኑ ስለ ህንድ እንዲጽፉ አልተጠየቁም፤ የህንድ ሊቃውንት ባነሡት ጥያቄ ላይ እንዲጽፉ ነው የተጠየቁት። ይህ ስልት በእኔ ግምት ከመቶ የአድናቆት ንግግር ይበልጣል።

በሥነ ምግባርም ሠርተዋል። ማሃባራታ በተባለው የህንድ ታላቅ ጥንታዊ ተረከ ግጥም ውስጥ ስላሉ የሥነ ምግባር አጣብቂኞች በ1989 የታተመ የጥናት ስብስብ አዘጋጅተዋል። እዚያ ከሚነሡት ታሪኮች አንዱ የካውሺካ ነው። ካውሺካ ምንጊዜም እውነት ሊናገር የማለ ባሕታዊ ነው። ወንበዴዎች የሚያሳድዷቸው ሰዎች በየት እንደሄዱ ቢጠይቁት እውነቱን ነገራቸው፤ ሰዎቹ ተገደሉ፤ እርሱም ሲሞት ወደ ሲኦል ወረደ። ነፍሰ ገዳይ ቢጠይቅህም አትዋሽ ካለው ከካንት ጎን ይህን ታሪክ ያስተማረ መምህር ተማሪዎቹ ዝም እንደማይሉ ያውቃል።

ሌላው ውጤት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሳንስክሪቱንም ሙግቱንም የያዙ ሰዎች በህንድ፣ በእንግሊዝና በሰሜን አሜሪካ በፍልስፍና ክፍሎች ውስጥ መቀመጫ አግኝተዋል።

ያልሠራው

መምህሩ በ1991 በ56 ዓመታቸው በካንሰር ሞቱ። በ1992 ወንበሩን የተረከቡት ሊቅ በሂንዱው አምላክ በሺቫ አምልኮ ጽሑፎች ጥናት በዓለም ወደር የሌላቸው ነበሩ፤ እስከ 2015 ቆዩ። በእርሳቸው ዘመን የወጣው ሥራ ታላቅ ነው፤ ግን የጽሑፍና የታሪክ ሥራ ነው። ከፈላስፎቹ ጋር ይደረግ የነበረው ሙግት በወንበሩ ዙሪያ አልቀጠለም። የወንበሩ ስም ዛሬም የምሥራቅ ሃይማኖቶችና ሥነ ምግባር ነው። ባለወንበሩ ሲለወጥ የወንበሩ ሥራ አብሮ መለወጡ፣ ለውጡ በሥርዓት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ ተመሥርቶ እንደነበር ያሳያል። በ2016 ሁለት አሜሪካውያን ፈላስፎች የምዕራቡን ፍልስፍና ብቻ የሚያስተምሩ ክፍሎች ስማቸውን የአውሮፓና የአሜሪካ ፍልስፍና ክፍል ብለው ይለውጡ ብለው በኒው ዮርክ ታይምስ መጻፋቸው፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም የማስተማሪያ ዝርዝሩ ምን ያህል እንዳልተነካ ያስረዳል።

ሁለተኛው ጉድለት ከላይ ያየነው ነው። ለትንተና ፍልስፍና የሚመቸው ክፍል ገባ፤ የማይመቸው ቀረ። የታመነ ሰው ቃል የሚለው ትምህርት እንኳ በኒያያ ውስጥ የቅዱሳት መጻሕፍቱን የቬዳን ሥልጣን ለመደገፍም ያገለግላል። በዘመኑ ውይይት ውስጥ የቀረው ግን መንገድ ለጠፋበት ሰው አቅጣጫ የሚያመለክተው አላፊ አግዳሚ ነው። መምህሩ ይህን ያውቁ ነበር፤ የመክፈቻ ንግግራቸው ራሱ ምስክር ነው። ሆኖም መጻሕፍቱን ያነበቡት ፈላስፎች የሚፈልጉትን መርጠው ወሰዱ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከህንድ ውስጥ የመጣ ነው። የህንድ ሊቅ የሚከበረው ምዕራቡ ቀድሞ ያከበረውን ጥያቄ ሲመልስ ብቻ ከሆነ ዳኛው ማን ነው? በ1983 በፑኔ ከተማ በጃይፑር የሚያስተምሩ አንድ ፈላስፋና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ገልብጠው ሞከሩት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ስለ ፕሮፖዚሽን (እውነት ወይም ሐሰት ሊባል ስለሚችል አባባል) ያለው ሐሳብ በሳንስክሪት ለፓንዲቶች ቀረበላቸው፤ ፓንዲቶቹም በራሳቸው መሣሪያ መረመሩት። ማን ጠያቂ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ቦታው ተለዋወጠ። ይህ ሙከራ የኦክስፎርዱን ያህል አልታወቀም፤ ሊታወቅ ይገባዋል።

ለሌሎች የሚተላለፍ

ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስቡ፣ በተለይ የራሳችንን የአብነት ትምህርት ቤት ዕውቀት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለማምጣት ለሚደክሙ፣ ከዚህ ጉዳይ የምወስዳቸው ነገሮች አሉ።

ከድምዳሜ አትጀምሩ፤ ከክርክሩ ጀምሩ። ሁሉም አንድ ነው የሚለው ድምዳሜ ብቻውን ሲመጣ ስብከት ይመስላል። ከተቃዋሚው ጥያቄ ጋር ሲመጣ ግን ማንም ሊሸሸው አይችልም። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነገር ለብዙ ዘመን ማን ጻፈው በሚለው ጥያቄ ተይዟል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የአንድምታ ሊቃውንት ግን ደራሲነታቸው የማያከራክር፣ ሙግታቸው ገና ያልተተነተነ ገጾች ትተውልናል። አንድ ሰው «አንድም» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለውን የምርጫ ምክንያት ቢመረምር፣ መምህሩ «የለም» በሚለው ላይ የሠሩትን ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የሚሠራው ሰው የአገር ቤቱን ትምህርት ከባለቤቶቹ እስከ ማዕረጉ ይማር። በትርጉም ብቻ የሚያውቀው ሰው በመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ይሸነፋል።

መጽሔት፣ የምርቃት ጽሑፍ አማካሪ፣ የፈተና ርእስ፣ እነዚህ ከመጽሐፍ ይበልጣሉ። መምህሩ መጽሔቱን ሠርተው አወረሱት፤ መጽሔቱ አለ። የማስተማሪያ ዝርዝሩን ግን በሕይወት ዘመናቸው ማስለወጥ አልቻሉም፤ ያልተለወጠውም ቀርቷል።

ምን እንደማይቆረጥ አስቀድሞ መወሰን ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ሐሳብ ለእንግዳ ጆሮ ሲዘጋጅ የሚቆረጥ ነገር ይኖራል፤ ይዋሰፍ ወደ ግእዝ ሲገባ ቡድሃነቱን እንዳጣ። ሽሪሃርሻ በሥነ ዕውቀት ክፍል ሲነገር የዛጎሉ ምሳሌና የአድቫይታ ዓላማው በአንድ ትምህርት ውስጥ አብረው መቅረብ አለባቸው። ዓላማውን ለሃይማኖት ክፍል አስተላልፎ ምሳሌውን ለራሱ የሚያስቀር መምህር፣ ሽሪሃርሻ ያነሣውን ዋና ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል። ጥያቄውም፣ ዕውቀትን መበየን ካልቻልን፣ ያለ ብያኔ የሚታወቅ ነገር አለ ወይ የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለመመለስ ሃይማኖተኛ መሆን አይጠይቅም፤ ሽሪሃርሻም ያቀረበው ለሚቃወሙት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ከጌቲየር ችግር ቀጥሎ ሊቀመጥ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።